«ተቀብለናታል በይኝ»

ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተማሪ መዝግቤያለሁ፤ የአብዛኞቹን ስም ረስቻለሁ። ፊቷን እንኳ አይቼ የማላውቃት የአንዲት ልጅ ስም ግን ከጆሮዬ አልጠፋም።

የምሠራው ሱሉልታ ውስጥ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ፣ ሬጅስትራር ቢሮ ነው። ውጤት ሲወጣ ሥራዬ ሰው ማሳዘን ይሆናል። ከግማሽ በታች ያመጣ ልጅ ለዲግሪ አይገባም። ከክፍሉ አንደኛ ይውጣ፣ በፈተናው ቀን ታሞ ይሁን፣ እኛ የምናየው ያንኑ ቁጥር ነው። እናቶች ያለቅሳሉ፤ እኔ «መመሪያ ነው» እላለሁ።

አንድ ጠዋት ወረፋው በሩን አልፎ ሳለ አንድ አዛውንት ተራቸው ደረሰ። «አካም ቡልቴ፣ ልጄ?» አሉኝ። ኦቦ ቶሎሳ ይባላሉ፤ ከጫንጮ ወዲያ ገበሬ ናቸው። የልጃቸውን የሌንሳን ውጤት ከስልካቸው ላይ አሳዩኝ። ደነገጥኩ። በዚያ ሰሞን ካየሁት ሁሉ ይበልጣል።

«ኦቦ፣ በዚህ ውጤትማ መንግሥት ራሱ ጥሩ ቦታ ይመድባታል። ለምን እዚህ ትከፍላላችሁ?»

«እናንተ ትቀበሏታላችሁ ወይ? እሱን ንገሪኝ።»

«እንዴታ! በደስታ ነዋ።»

«እንደዚያ አይደለም» አሉኝ። «ስሟን ጠርተሽ ተቀብለናታል በይኝ።»

ግራ ገባኝ። ቢሆንም ሽማግሌ አላሳፍርም ብዬ፣ ጮክ አድርጌ «ሌንሳ ቶሎሳ፣ ተቀብለናታል!» አልኩ። ወረፋ የያዙት ወላጆች አጨበጨቡ። አንዲት ሴት እልል አለች። ኦቦ ቶሎሳ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

እኔም ሞቅ ብሎኝ «በሉ ነገ ይዘዋት ይምጡ፣ እንያት» አልኳቸው።

«አትመጣም» አሉ፤ ድምፃቸው አልተለወጠም። «ፈተናውን ጨርሳ እንደተመለሰች ታመመች። ውጤቱ የወጣው አርባዋን ካወጣን በኋላ ነው።»

እልል ያለችው ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከወንበሬ መነሳቴን ያወቅሁት ቆሜ ራሴን ሳገኘው ነው።

«አልጋ ላይ ሆና ሐሳቧ እሱ ብቻ ነበር» አሉኝ። «‹ይቀበሉኝ ይሆን፣ አባዬ?› ትለኛለች። ቁጥሩን ስልክ ነገረኝ። ስልክ ግን ሰው አይደለም። ሰው ሲለው ልስማ ብዬ ነው የመጣሁት። ገለቶሚ፣ ልጄ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ወጥተው ሄዱ። ቢያንስ መኪና እስኪይዙ ልሸኛቸው ብዬ ተከተልኳቸው። አስፋልቱ ዳር ስደርስባቸው እያወሩ ነበር፤ አጠገባቸው ማንም የለም። ኦሮምኛ ስለምሰማ የሚሉት ገባኝ። «ሌንሳ፣ ተቀብለውሻል። ሰምተሻል አይደል?» ይሏታል። መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጠራቸው ፈራሁ። እዚያው ቆሜ የጫንጮ ሚኒባስ ይዟቸው ሲሄድ አየሁ።

ከዚያ በኋላ አግኝቻቸው አላውቅም።

አሁን ውጤት ሊለቀቅ ነው በተባለ ቁጥር ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ተገልጋይ ሄዶ ቢሮው ጭር ሲል፣ በሩ ላይ ተራዋን የምትጠብቅ ልጅ የቆመች ይመስለኛል። ቀና ስል ማንም የለም። ለባልደረቦቼ ብነግራቸው «ጠበል ሂጂ» ነው የሚሉኝ። እኔ ግን እሷን አልፈራትም። አንዳንዴ እንዲያውም «ግቢ» ልላት አፌን እከፍታለሁ።