ለፎቶ የተሰጠኝ ቁልፍ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ በአንድ የገበያ ቀን ነው። ጠዋት የሱቄን በር በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ዛሬም ደሜን ያፈላዋል።

ሰቆጣ ውስጥ የሶላር መብራት እሸጣለሁ፣ የተበላሸም እጠግናለሁ። ያኔ የምሠራው በአንድ ሰውዬ በረንዳ ላይ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ባትሪ ታቅፌ እሮጣለሁ። መንግሥት በታዳሽ ኃይል ለሚሠሩ ወጣቶች ድጋፍ ያደርጋል፣ የመሥሪያ ቦታም ይሰጣል ሲባል ሰምቼ አመለከትኩ። ቢሮ ስመላለስ ጫማዬ አለቀ። ለወጣቶቹ ተብሎ የተሠራው የመሥሪያ ሼድ ግን እንደተቆለፈ ሸረሪት አድርቶበት ነበር። በዚህ መሃል የበረንዳው ባለቤት ልቀቂልኝ አሉኝ።

መሄጃ አጥቼ ሳለሁ የቢሮው ኃላፊ ራሳቸው መጡ። ከሌላ አካባቢ ተመድበው የመጡ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው።

"ነገ ከክልል እንግዶች ይመጣሉ። ዕቃሽን ይዘሽ ሼዱ ውስጥ ግቢ" አሉኝ።

ተሳካልኝ ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከእህቴ ጋር ዕቃ ስናመላልስ ዋልን። ፓነሉን ጣሪያው ላይ ስሰቅል ደግሞ "ከመኪና እንዲታይ ወደ አስፋልቱ አዙሪው" አሉ። በዚያ በኩል ፀሐይ አያገኝም ብላቸው አልሰሙኝም። አዞርኩት።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። ትልቁ እንግዳ ሪባን ቆርጠው ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሣን። መኪኖቹ አቧራቸውን አስነሥተው እንደሄዱ ኃላፊው እጃቸውን ዘረጉ።

"በይ ቁልፉን።"

"የምን ቁልፍ?"

"ይሄ ለእንግዶቹ ነው። ርክክቡ ገና ነው፤ ለጊዜው ዕቃሽን አውጪ።"

እንዲህ ሊጫወቱብኝ! አንጀቴ አረረ።

"ቁልፉን የሰጡኝ እንግዳው ናቸው። ከፈለጉት እሳቸው መጥተው ይውሰዱት" አልኳቸው። ጨብጬ የያዝኩትን አልለቀቅኩም።

ከአጎራባቹ ከዝቋላ ወረዳ በእግራቸው መብራት ሊያሠሩ የመጡ ደንበኞቼ በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ። ከመሃላቸው አባ ኪሮስ የሚባሉ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ።

"አባቴ፣ ይነሡ እንጂ፤ ሊዘጋ ነው" አሏቸው ኃላፊው።

"አልነሣም ልጄ። ለዚች ልጅ ተሰጠ ብለህ አስጨብጭበኸናል። ያጨበጨበ ሰው ምስክር ነው። አሁን መብራቴን ትሥራበት፤ ከዝቋላ ድረስ የመጣሁት ለጭብጨባ አይደለም።"

ሌሎቹም አጠገባቸው ተደርድረው ተቀመጡ። ኃላፊው ቆመው ቆመው ሄዱ። እኔም ጣሪያው ላይ ወጥቼ ፓነሉን ወደ ፀሐዩ መለስኩት፤ ከዚያ የአባ ኪሮስን መብራት ሠራሁ።

ከዚያ ወዲህ ውጪ የሚል መልእክት ሲደርሰኝ ከርሟል። ወይ ፍንክች! ድጋፍ አለ ብለው በማይክራፎን የነገሩን እነሱ ናቸው። እኔ አመንኳቸው፣ ገብቼም እየሠራሁ ነው። ድርቅ ያለች ናት ይሉኛል፤ ይበሉ። ቁልፉን በክር አድርጌ አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ እንግዳ ይመጣል ተብሏል። ኃላፊው መጥተው በትሕትና "እባክሽ ደጁን ጥረጊልን" አሉኝ።

"እጠርጋለሁ" አልኳቸው፤ "ደጄ አይደል?"