የስፒከር ገመድ ይፈታል?

አባቴ የተገረፈው በራሱ እጅ በሸጠው ገመድ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንቴ ሰርዤ እንደጻፍኳት አልናገርም፤ አሁን ግን ወድጃታለሁ፣ አልነካትም።

ሲኒማ ራስ አጠገብ ባለው ሱቃችን አምፕሊፋየር፣ ስፒከርና ገመድ እንሸጣለን። ከትምህርት ቤት መልስ ገመዱን ለክቼ የምቆርጠው እኔ ነኝ። አባቴ ደግሞ ለገዢው ሁሉ እንዲህ ይላል፦ «መጀመሪያ ድምፁ ይደርቅብሃል፣ አትደንግጥ። አዲስ ገመድ ካልተፈታ ጥሩ ድምፅ አይሰጥም።» እንደ አዲስ ጫማ፣ ሲሠራበት ይላላል ማለቱ ነው። ገዢው ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ጆሮው ድምፁን ለምዶታል፤ ጠቡ እስከተነሳበት ቀን ድረስ ተመልሶ የመጣ አልነበረም።

የመጀመሪያው የመጣው ከእህል በረንዳ ነው። የጤፍ ጆንያ ሲሸከም የኖረ፣ አንገቱ ከትከሻው ጋር የተጣበቀ ሰውዬ። ለእህቱ ሠርግ ብሎ ከእኛ የወሰደውን ገመድ መዳፉ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሞታል። ጫፉ ላይ ላስቲኩ አንድ ክንድ ያህል ተልጦ፣ የመዳቡ ክር እንደ ፀጉር ተበትኗል።

«ካልተፈታ አልከኝ፣ ፈታሁት» አለ። «ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ፈታሁት። ሙሽራዋ ስትገባ አምፑ ጨሰ።»

ሁለቱ ሽቦ ተነካክቷል፣ ሌላ ምን ይሆናል። አባቴ ገመዱን አየ፣ ሰውየውን አየ፣ ከዚያ ሳቀ። ባይስቅ ኖሮ ይህን የምጽፈው ነገር አይኖረኝም።

ገመዱ ፉጨት አሰምቶ የአባቴ ጆሮ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ጉንጩን ቀደደው። አባቴ የስፒከር ማቆሚያ ብረት አንስቶ የሰውየውን ክንድ ሲለው አጥንቱ ሲጮህ ሰማሁ። ሰውየው ግን ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም፤ አባቴን በኮሌታው ይዞ ባንኮኒው ላይ ጎተተው። የባንኮኒው መስታወት ከሥሩ ተሰባበረ። በዚያው ገመድ አንገቱን ጠመጠመው። ደጃፉ በሰው ተሞላ። «ኧረ ገላግሉ» ይላል አንዱ፣ ራሱ ግን ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል።

«እስቲ አሁንም ካልተፈታ በለኝ» አለ ሰውየው።

አባቴ ፊቱ በርበሬ መስሏል። «ካልተፈታ… ድምፅ… አይሰጥም» አለ።

ገመዱ ጠበቀ። አባቴን አውቀዋለሁ፤ ትንፋሹ ይወጣል እንጂ ቃሉን አይመልስም። ብረቱን ላነሳ ጎንበስ አልኩና አፌ ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ ገመድ አይፈታም። እሱም አያውቅም።»

ሰውየው ዞሮ አየኝ።

«ባለፈው ዓርብ ለጁምዓ ሲሄድ የማሳያውን ስፒከር ገመድ ነቅዬ ገና ከጥቅልሉ የወጣ አስገባሁበት። ተመልሶ ለደንበኛ አሰማ። ‹ይሄ ዓመት የሠራ ነው፣ እንዴት እንደተፈታ ስማ› አለው። ከልቡ ነው ያለው። አላታለለህም፣ ራሱም ተታልሎ ነው።»

ደጃፉ ላይ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ሰውየው አባቴን ቁልቁል ተመለከተው፤ ከዚያ እጁ ላላ።

አባቴ እየሳለ ተነሳና በጥፊ አጮለኝ። በሕይወቴ የመጀመሪያዋ ናት። ሁለተኛዋን ሲሰነዝር ያንኑ እጁን ሰውየው አየር ላይ ያዘው።

«ልጅቷን ተዋት» አለ። «ያተረፈችህ እሷ ናት።»

ሁለቱም እየደሙ ቆመው ተያዩ። ከንፈሬ ተሰንጥቋል፣ ልቤ ግን በደስታ ይዘላል፤ አንድ ሙሉ ሰውዬ በአፌ አስቁሜያለሁ።

«አምፑን አምጣው፣ እሠራዋለሁ» አለ አባቴ ጆሮውን በመሀረብ ይዞ። ሰውየው የተመታ ክንዱን አቅፎ ወጣ።

አባቴ የመስታወቱን ስባሪ በእግሩ ገፋ እያደረገ ወደ ማሳያው ሄደ። ስፒከሩን አዙሮ ከኋላው የተሰካውን ገመድ ብዙ ጊዜ አየው፣ በጣቱ ዳበሰው።

«ከተሰካ ስንት ቀን ሆነው አልሽኝ?» አለኝ።

«አምስት።»

ማጫወቻውን ከፈተና ጤነኛ ጆሮውን አስጠግቶ ማዳመጥ ጀመረ።