የኩርፊያ ቤት ጉልላት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። እዚህ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በምላሴ ነው፤ ትሩ አፏ ስለት ነው፣ ትሩ የሆዷን ነው የምትናገረው ይሉኛል። ውሸታቸውን ነው። የሆዴን ተናግሬ አላውቅም። ሆዴ ውስጥ የጋሽ ወርቁ የሰጎን እንቁላሎች አሉ።

ጋሽ ወርቁ ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር፣ ብረት ቤት ውስጥ በብየዳ ዓይናቸውን የጨረሱ፣ እኔ ካርቱም ስገባ መጠጊያ የሆኑኝ የአገሬ ሰው ናቸው። ይህችን ምግብ ቤት የከፈትኩት በእሳቸው ዋስትና ነው፤ በሩንም የበየዱልኝ እሳቸው ናቸው። የአንድ ተራራ ልጆች ነን፤ እኔ ከላይ ሰፈር፣ እሳቸው ከታች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ቤት ይቀመጡና፣ እዚሁ ተወልደው ግማሹን በዓረብኛ ለሚያወሩ ልጆች የተራራችንን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ይነግሯቸው ነበር።

መጀመሪያ ሚካኤል ብቻ ነበር፣ ከአናቱ ላይ። ክረምት ዳገቱ ስለሚያዳልጥ የታች ሰፈር ሰዎች ሬሳ ተሸክመው መውጣት አቃታቸው። እታች ትንሽ ጸሎት ቤት እንሥራ ብለው ለመኑ። የላዮቹ እምቢ አሉ። የታቾቹም አኮረፉ፤ ሚካኤልን መሳለም ትተው፣ በገዛ ጀርባቸው ድንጋይ አመላልሰው ትንሽ ቤት ሠሩ። በኋላ ታቦት ገባላትና ኪዳነ ምሕረት ተባለች። እኛ የላዮቹ ግን በስሟ ጠርተናት አናውቅም። የኩርፊያ ቤት ነበር የምንላት። የሚካኤል ጉልላት ከጥንት ጀምሮ የሰጎን እንቁላል ነበረው። የእሷ ባዶ መስቀል ብቻ ነው።

«ሰጎን እንቁላሏን የምትፈለፍለው በዓይኗ ነው» ይሏቸው ነበር ጋሽ ወርቁ ልጆቹን። «ትክ ብላ ታየዋለች። ዓይኗን ካነሳች ይበላሻል።»

«ሽንቷ ሲመጣስ?» ይላል አንዱ።

«ባሏ ይተካታላ! ኻላስ፣ አለቀ!» ይሉና ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

ደቡብ ሱዳን ከተገነጠለች በኋላ ባለው ዓመት አገሬ ልሄድ ስሰናዳ ጋሽ ወርቁ ካርቶን ተሸክመው መጡ። ኦምዱርማን ገበያ እየተመላለሱ የለቀሟቸው፣ በጥጥ የተጠቀለሉ የሰጎን እንቁላሎች ናቸው። ለኪዳነ ምሕረት። እናታቸው ያረፉት እዚያ ነው። እሳቸው እንዳይሄዱ ኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ወረቀታቸው፣ ካለፈበት ቆይቷል፤ ድንበሩን አንዴ ከተሻገሩ መመለሻ የላቸውም።

«ትሩዬ፣ የእናቴ ቤት አናቷ ባዶ እንደሆነ ልሙት?» አሉኝ። «ስሜን አትጥሪ። ጉልላቷ ላይ ወጥቶ ፎቶውን ልየው ብቻ።»

«ምን ማለትዎ ነው ጋሽ ወርቁ! ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የማደርሰው» አልኳቸው። እውነትም ጭኔ ላይ አድርጌ ነው ያደረስኩት። አንዱም አልተሰነጠቀ።

አገሬ ስገባ ግን ማን ተቀበለኝ? ባሌን ትቼ የኮበለልኩ ሴት ነኝ። ወንድሜ ሰላም ያለኝ ከአንገት በላይ ነው። ለካ በዚያ ክረምት በረዶ የሚካኤልን እንቁላሎች አርግፏቸው ኖሯል። ወንድሜ ካርቶኑን ከፈተና ጮኸ፤ «ኧረ ሰዎች! እህቴ ለሚካኤል አምጥታለች!» እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ተሰበሰበ። ቄሱ መጥተው መረቁኝ።

ያኔ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «የኪዳነ ምሕረት ናቸው» ማለት ምን ያቅታል? ያን የፈረደበት ምላሴን ማን ያዘው? ማንም አልያዘው። እኔ ነኝ ዝም ያልኩት። እልልታው ጣመኝ። እናቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ ጣመኝ። ደግሞም፣ አልደብቃችሁም፣ በሆዴ «ለኩርፊያ ቤት ምን ያደርግላታል?» ብያለሁ። ለእሷ መላካቸውን አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ እሱም አምኖኝ ካርቱም ቁጭ ብሏል።

እንቁላሎቹ ሚካኤል ላይ ወጡ። በዐውደ ምሕረቱ ስሜ ተጠራ። እኔ ከሥር ቆሜ በስልኬ ጉልላቱን ብቻ ከሰማዩ ጋር አነሳሁት። ጣሪያው እንዳይታይ፣ ዳገቱ እንዳይታይ። ለምን እንደዚያ አድርጌ እንዳነሳሁት ያኔውኑ አውቀው ነበር።

ተመልሼ ዓይኔን በጨው አጥቤ አሳየኋቸው። «ኪዳነ ምሕረት ናት» አልኩ። ጋሽ ወርቁ ዓይናቸው ደካማ ነውና ስልኩን በሁለት እጃቸው ፊታቸው ድረስ አስጠግተው አዩት፤ ከዚያ ተሳለሙት። እንባቸውን ከስልኩ ላይ በነጠላዬ ጠረግኩት። ከዚያ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር ታሪኩን ሲጨርሱ «አሁን ሁለቱም እኩል ናቸው» ይሉ ነበር።

ከረም ብሎ የእህታቸው ልጅ አልማዝ ከአገር መጣች። እሑድ ነው፣ እኔው ቤት። «እስኪ የኪዳነ ምሕረትን ጉልላት ንገሪያቸው» አሏት፣ ልጆቹን እያሳዩ።

«የቱን ጉልላት አጎቴ? እሷማ እንደ ድሮዋ ባዶ ናት። እንቁላል ያለው ሚካኤል ነው፤ እሱንም ያመጡት እትዬ ትሩ ናቸው» አለች። ደስ የሚለኝ መስሏት ፈገግ አለችልኝ።

ጋሽ ወርቁ ቀና ብለው አዩኝ። ያ የደከመ ዓይን ትክ ብሎ አየኝ። እንዲሰድቡኝ ጠበቅኩ። ምነው በሰደቡኝ! እሳቸው ግን ወደ ልጆቹ ዞረው፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ፣ «እንግዲያው ታሪኩን አርሙት። የሚካኤልን እንቁላል ያመጣችው ትሩ ናት። ኪዳነ ምሕረት ገና ናት» አሉ። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነስተው ሄዱ።

ሁለተኛ ደጄን አልረገጡም። ለማንም አልተናገሩብኝም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ቆብ አንስተው «እንደምን ነሽ፣ ወይዘሮ ትሩነሽ» ይሉኛል። ትሩዬ ይሉኝ የነበሩት ሰው! ያቺ «ወይዘሮ» አንጀቴን ቆረጠችው። ባሕሪ ድረስ ሄጄ ከበራቸው ተመልሻለሁ። ሌላ እንቁላል ገዝቼ ልላክ ብዬም ነበር። ማን ላከው ሊባል? ደግሞ ትሩ? እንዲህ ሳመነታ መታመማቸውንም መሞታቸውንም ባንድ ቀን ሰማሁ። የካርቱም አፈር በላቸው። የእናታቸው ቤት ዛሬም አናቷ ባዶ ነው።

ባለፈው እሑድ እነዚያ ልጆች፣ አሁን ጎርምሰዋል፣ ታሪኩን ንገሪን አሉኝ። ሌላ የሚያውቀው የለማ። ነገርኳቸው፤ ሚካኤልን፣ ዳገቱን፣ ኩርፊያውን። ያኔ ገና ሕፃን የነበረች አንዷ «እንቁላሎቹንስ ማን አመጣቸው?» አለች።

እናቴ የለችም። ወንድሜ የለም። እልል የሚልልኝም፣ የሚያሳፍረኝም ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም። እውነቱን ብናገር የሚጠፋብኝ ነገር አልነበረም።

«እኔ» አልኳት።

እና አሁን ይቅር በሉኝ ብዬ በምን አፌ ልለምናችሁ? ውሸቱን ገና አልተውኩትም።