ከገመዱ ላይ ያነሳሁት ቀይ ሻሽ

ትናንት የልጅ ልጄ ሐያት ስልኳን ይዛ ጥፍሯን ትበላ ነበር። ለክፍል ጓደኞቿ በስልክ «ነገ ፈተና የለም» ብላ ጽፋ፣ ወሬው ውሸት መሆኑን ስትሰማ ሰርዛዋለች። ቀድማ ያነበበችው ሱመያ ግን ከፈተናው ቀረች። አሁን ሁሉም «እንቅልፋም» እያሉ ይስቁባታል።

«አንቺስ ምን አልሽ?» አልኳት።

«ምን እላለሁ፣ እማማ? አጥፍቼዋለሁ እኮ። ማን ያውቃል?»

አፌ ውስጥ የካርቱም አቧራ ገባ።

በወጣትነቴ ካርቱም፣ ሪያድ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። እኛ የወሎ ልጆች ስልክ ከየት እናመጣለን? የምንነጋገረው ጣሪያ ላይ በተወጠረ የልብስ ገመድ ነበር። ከሻ ሲወጣ፣ ማለትም ፖሊሶች ወረቀት የሌለውን ሊለቅሙ ሲመጡ፣ ቀድማ ያየች ቀይ ሻሽ ታሰጣለች። ቀይ ካለ ከበር አይወጣም። ቀዩ ሲነሳ መንገዱ ሰላም ነው። እንደኔ ከሦስተኛ ክፍል ያላለፈችም ታነበዋለች።

አንድ ዓርብ የፖሊስ መኪና ማዕዘኑ ላይ ቆሞ አየሁና ሻሼን አሰጣሁ። ፊት ለፊት ባለው ቪላ የምትሠራው ዘይነባ ከጣሪያው ታየኛለች። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት ማለት ነው፣ የላትም። ከከተማው ዳር ማዮ በሚባል ሰፈር አንዲት ሴት ዘንድ የተወችው ጨቅላ ልጇ ትኩሳት እንደያዘው ጠዋት ሰምታለች። በእጇ «እስከ መቼ?» አለችኝ። በመዳፌ «ታገሺ» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በደቡብ በኩል ቀላ። ሀቡብ! ያ የአቧራ ማዕበል ሲመጣ በካርቱም ያለች ሠራተኛ ሁሉ ወደ ገመዷ ትሮጣለች። እመቤቴም ከታች ጮኸች። «ቶይባ! ያላ፣ አንሶላዬን!» አንሶላውን፣ ጀላቢያውን፣ የልጆቹን ካልሲ አቅፌ ወረድኩ። መስኮቶቹን ዘግቼ ክምሩን አልጋ ላይ ስዘረግፈው ቀዩ ሻሽ ከመሃል ወጣ።

ዘይነባ መንገዱ ሰላም ነው ብላ ትወጣለች! ሻሹን ይዤ ወደ ጣሪያ ሮጥኩ። የገዛ እጄ አይታየኝም። «ዘይነባ! አትውጪ!» ስል አፌ በአሸዋ ሞላ። ወርጄ፣ ግድግዳ እየዳበስኩ ማዕዘኑ ጋ ስደርስ የመኪናው መብራት ታየኝ። ድምፅዋም ተሰማኝ። «ልጄ ታሞብኛል! ልጄ!» በአማርኛ። ማን ይስማት?

«ድሮም ችኩል ናት፤ ቀዩን እያየች ወጣች» አሉ የሰፈሩ ሠራተኞች። እኔ ዝም አልኩ። በዚያ አቧራ ማን አይቶኛል? ሁለት ቀን ዘይነባ ሳትፈታ አለፈ። በሦስተኛው እመቤቴ ፊት ቆምኩ።

«ማዳም፣ ዘይነባን ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ልብስ አንሺ ያልሽኝ ደግሞ አንቺ ነሽ። ሄደሽ አስፈቻት፤ አለዚያ አንሶላሽን ራስሽ እጠቢ።»

እብድ ሳልመስላት አልቀረሁም። ግን ሄደች።

ዘይነባ ስትወጣ ሻሹን ያነሳሁት እኔ መሆኔን ነገርኳት። በጥፊ አጮለችኝ። ቀጥላ በዚያው እጇ እጄን ይዛ፣ «ነይ፣ ልጄን እንየው» አለች። ለሌሎቹም ያንኑ ዕለት ነገርኩ።

«ልጁስ?» አለች ሐያት።

«ዛሬ ጢሙን ይላጫል። አሁን ጻፊ። ምልክት የሰቀለ ሰው፣ ሲያወርደውም ‹እኔ ነኝ› ይበል።»

ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። ላከችው። የሱመያ መልስ ወዲያው መጣ። ምን እንዳለቻት አልነገረችኝም። ጉንጯን በመዳፏ ስትይዝ ግን አየሁ።