ደባሱ ለሽፍቶቹ ያለው

ደባሱ የላሊበላን ሰው መናቅ ከጀመረ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። ሰላምታ አይነፍግም፣ ከለቅሶም አይቀርም። ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ጆሮ የተፈጠረለት ሰው አላየሁም ይላል።

ነገሩን ያመጣችው በቅሎ ናት። ደባሱ ጎብኚና ተሳላሚ በበቅሎ ወደ አሸተን ማርያም እያወጣ ነበር የሚያድረው። ከአዲስ አበባ ፊልም ሠሪዎች መጥተው በቅሎውን ዳማን ተከራዩ። ዳማ ከእሱ በቀር ሰው አላስጠጋም ብትል፣ በፊልሙ ያለውን የገበሬ ቦታ ለራሱ ለደባሱ ሰጡት። ሽፍቶች የገበሬውን ልጅና በቅሎ ነጥቀው ሲሄዱ ከኋላ ይሮጣል፤ በጉልበቱ ይወድቃል፤ «በቅሎዋን ውሰዱ፤ ልጄን መልሱልኝ» ይላል። ሌላ ቃል የለውም። ሚስቱ አሰለች እስኪሰለቻት ድረስ ያቺኑ ቤት ውስጥ ሲደጋግም ሰነበተ። ካሜራው ፊት ሲላት እንባው ያለ ትእዛዝ መጣ። የገዛ ልጁ ሰርክአዲስ ያን ጊዜ ገና ጡት አልጣለችም።

ፊልሙ በሙጂብ ቪዲዮ ቤት ታየ። ድምፅ ማጉያው የተቀደደ ነው፤ ጄኔሬተሩ ከደጅ ያጓራል፤ በዚያ ላይ ደባሱ አፉን ሲከፍት ዳማ አብራ ትጮሃለች። ልጅና በቅሎ የሚሉት ተሰሙ፤ የትኛው ይወሰድ፣ የትኛው ይመለስ፣ ልብ ያለው የለም። ጸጉር አስተካካዩ ደሳለ በማግስቱ አንድ ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ምላጩን እንደያዘ ተንበርክኮ፣ «ልጄን ውሰዱ፤ በቅሎዬን መልሱልኝ» አለ። ሰውየው ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ፊልሙን ማን ያስታውሰዋል? ያላየው ከደሳለ ተማረ፤ ያየውም የራሱን ጆሮ ትቶ የደሳለን ያዘ፤ ያስቃላ!

ደባሱ መጀመሪያ አካባቢ ያርም ነበር። ገበያ መሃል ቆሞ፣ እንዲህ አይደለም እንዲህ ነው ይላል። ሰዎቹ ደግሞ በትዕግሥት ያርሙታል፣ የራሱን ቃል። መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ፣ ቪዲዮ ቤት ደጃፍ እንኳ ረግጠው የማያውቁት ሰው፣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ ብለው ማሉበት። ይህን ጊዜ ደባሱ አፉን ዘጋ። እነዚህ ሰዎች ዓይናቸው ፊት የሆነውን እንዲህ ካደረጉት ስለ ሌላው የሚያወሩት ሁሉ ምን ሊሆን ነው ብሎ አሰበና ከዚያ ወዲህ ወሬ ሲነግሩት «እንዴታ» ብቻ እያለ ያልፍ ጀመር። አንድ ማታ ግን አሰለች ራት ስታቀርብ፣ ልጄን ውሰዱ ማለትህ እኮ ያኔም አልጣመኝም አለችው። እሱ ሲለማመድ አጠገቡ ጥጥ ስትፈትል የነበረችው አሰለች! ከሷ ጋር እንኳ አልተከራከረም። ናቃትና ራቱን በላ።

ሰርክአዲስ አደገች፤ ኩልመስክ ከተማ ያለ አስተማሪ ጠየቃትና ተዳረች። ደባሱ ለሠርጉ አንድ ነገር አሰበ። ጠፍቶ የከረመውን ፊልም ባለቤቶቹ በቅርቡ ዩቲዩብ ላይ ጭነውት ነበር። ቴሌቪዥን ከሙጂብ ተዋሰ፤ ዳሱ ውስጥ ሰቀለው፤ ስልኩንም አገናኘ። ሙሽራው ከነአጃቢው ሲመጣ እንደጠበቀው ሆነ። ሚዜዎቹ ደጃፉ ላይ ተደርድረው፣ «አባታችን፣ ራስዎ ልጄን ውሰዱ ብለው የለም ወይ?» እያሉ ጨፈሩ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ።

ደባሱ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸውና ከፈተው። በደህና ድምፅ ማጉያ፣ ከዳማም ጩኸት በላይ፣ ወጣቱ ደባሱ በጉልበቱ ወድቆ ቃሉን ተናገረ። ሁሉም ሰማ። ደባሱም ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ።

ደሳለ ቀድሞ ተነፈሰ፤ ኋላ ለቴሌቪዥን ሲሉ አስተካክለውት ነው አለ። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እርግጥ ነው፣ እኔ ያየሁት የፊተኛውን ነው አሉ። ሙጂብም፣ ወላሂ እኔ ቤት የታየው ይኼ አይደለም ብሎ ማለ። ጥቂት ቆይቶ ዳሱ ሙሉ የተስማማው፣ ፊልሙ ተሳስቷል በሚለው ነው። ደባሱ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ንቀቱ እንዲህ ሞልቶለት አያውቅም።

ሰርክአዲስ ግን ከሚዜዎቿ መሃል ተነሥታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ቴሌቪዥኑ ዘንድ መጣች። ድገሙልኝ አለች። ደገሙላት። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ እውነት እንዲህ ነበር ያሉት?»

«አሁን ሰማሽው አይደል?»

«እኔ እኮ ይቅር ካልኩዎት ቆየሁ» አለች። «ትምህርት ቤት በበቅሎ የተለወጠች ሲሉኝ፣ ቸግሯቸው ነው እያልኩ፣ በልቤ ይቅር ብዬዎት ነበር።»

ደባሱ ለገበያው፣ ለመሪጌታው፣ ለደሳለ ሁሉ ሲያስረዳ፣ ለሷ አንድ ቀን ነግሯት አያውቅም። ልጄ እንዴት ይጠፋታል ብሎ ነበር። ስለ እሱ የሚያወሩትን እሷም እየሰማች እንዳደገች፣ ወሬውን አምናም እንደወደደችው፣ ይህን ከቶ አላሰበውም። ትከሻዋን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ ሚዜዎቹ ቀደሙት፤ መኪናው ደጅ ቆሟል፣ መንገዱም ሩቅ ነው።

ጉልበቱን ሳመች፤ እሱም ግንባሯን ሳማት። አጃቢው የደሳለን ቃል በጭብጨባ እየዘፈነ ወጣ፤ መሪጌታም አብረው እያጨበጨቡ። ደባሱ መኪናው ከመታጠፊያው እስኪሰወር ቆሞ አየ።

ዳሱ ሲበተን ሙጂብ ቴሌቪዥኑን ሊወስድ መጣ። ሽቦውን እየጠቀለለ፣ ሊያጽናናው ፈልጎ፣ «ጋሽ ደባሱ፣ አይክፋዎት፤ አነጋገሩስ የፊተኛው ይሻል ነበር» አለው።

ደባሱ «እንዴታ» አለና ቴሌቪዥኑን በአንድ በኩል አነሣለት።