ከነገርከኝ ሌላ

ይህን ታሪክ ማውራት ይገባ እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ማንም አልሞተበትም፣ ማንም አልታሰረበትም። አንድ ወጣት ሥራ ፈልጎ ሳያገኝ ቀረ፤ ይኸው ነው። በብርዱ ወራት ልጄ ሩት ኮምፒውተሯን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ያለችኝን ባትል ኖሮ ከእኔው ጋር ይቀበር ነበር።

ሩት የአደጋ ስልክ ተቀባይ ለመሆን አመልክታለች። ከመቀጠሯ በፊት በውሸት መመርመሪያ መሣሪያ እንደምትፈተን ስለተነገራት፣ ምን እንደሚጠብቃት እያነበበች ነበር።

«ባባ፣ ሶ ዊርድ፤ ግራ የሚገባ ነገር ነው» አለች። «ጥያቄዎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንዱ ዝም ብሎ ነው፤ ስምሽ ሩት ነው? መብራቱ በርቷል? ምናምን። አንዱ የምር ማወቅ የሚፈልጉት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ኮንትሮል ይሉታል፤ ሁሉም ሰው ትንሽ ትንሽ የሚዋሽበት። ኖ እንድል ይጠብቃሉ።»

ሳህን እያጠብኩ ነበር። ውሃውን ዘጋሁት።

«ኖ ከማለት ይልቅ ሁሉንም ብትናዘዢላቸውስ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሁ ዳዝ ዛት፣ ባባ? ማን እንዲህ ያደርጋል?»

በፈረንጆች 1996፣ እዚሁ ውጭ አገር፣ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የምኖረው በጋሼ መኮንን ቤት፣ ከመሬት በታች ባለው ቤዝመንት ውስጥ ነው። ጋሼ መኮንን የአባቴ አብሮ አደግ እንጂ ዘመዴ አልነበሩም፤ ኪራይ ግን አልቀበልህም ብለውኛል። ስለዚህ ላለመክበድ የማደርገው ጥንቃቄ ልክ አልነበረውም። ደረጃውን የምወጣው በእግር ጣቴ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ቋንጣ ፍርፍር ያቀርባሉ። ሽታው ብቻውን ያንበረክካል።

«ጨምር እንጂ!»

«ጠግቤያለሁ እትዬ።»

«በሞቴ!»

«እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ።»

ከዚያ ወደ ታች ወርጄ ዳቦ እበላለሁ።

ጋሼ መኮንን በአንድ የመድኃኒት መጋዘን የፈረቃ ኃላፊ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ የሚሠራ ሰው ሲፈለግ፣ አለቃቸው ዘንድ ገብተው «ይሄን ልጅ ቅጠሩት፤ ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ። ፈረንጁ ዋስ ምን እንደሆነ የት ያውቃል? በአገራችን ሰው ሲቀጠር ዋስ ይጠራል። እዚያ መጋዘን ግን ሰውየውን በውሸት መመርመሪያ ሽቦ ያስሩታል። ጋሼ ሁለቱ ያልተለያዩ ነገሮች መሰሏቸው። የፈተናው ቀን ፈረቃቸውን ቀይረው፣ ከረቫት አስረው አብረውኝ መጡ። ዋስ ከሚዋስለት ሰው ጋር መቅረብ አለበት ብለው።

ያን ዕለት ችኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከተራራው ወርዶ በረዶውን ያቀልጠው ነበር። ሲ-ትሬን ከሚሉት የከተማው ባቡር ስንወርድ ሰባተኛው ጎዳና ጎርፍ ሆኗል። ጋሼ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው «አየህ፣ ገዱ ቀንቶናል» አሉኝ። እንግዳ ተቀባይዋ ወንበር አሳየቻቸው፤ እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ።

መርማሪው ለስላሳ ሰው ነበር። መሣሪያውን ሳያስርልኝ በፊት ጥያቄዎቹን በሙሉ አነበበልኝ። ዛሬ ረቡዕ ነው? አዎ። ከሠራህበት ቦታ ሰርቀህ ታውቃለህ? በፍጹም። የሚያምንህን ሰው ዋሽተህ ታውቃለህ?

የጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። ሌላው ሰው «ዋሽቼ አላውቅም» ብሎ ያልፋታል። እኔ ግን የንስሐ አባቴ «የደበቅኸው ከተናገርከው ይከብዳል» እያሉ ያሳደጉኝ ልጅ ነኝ።

«አዎ» አልኩ።

«ለምሳሌ?»

«ሳልጠግብ ጠግቤያለሁ ብያለሁ።»

ብዕሩ ቆመ። «ምን አልክ?»

አስረዳሁት። ለእናቴ «አይበርደኝም» ብዬ መጻፌን ጨመርኩ፤ ያልገባኝን ትምህርት ለመምህሬ «ገብቶኛል» ማለቴንም። ሰውዬው በትዕግሥት ጥያቄውን አስተካከለው፦ «ከነገርከኝ ሌላ፣ የሚያምንህን ሰው ዋሽተህ ታውቃለህ?» ሌላ ትዝ አለኝ፤ ነገርኩት። ደግሞ አስተካከለው። በመጨረሻ የቀረኝ ነገር አልነበረም። እንዲህ ያለ ታዛዥ ተፈታኝ አይቶ የማያውቅ መሰለኝ፤ ኮራሁ።

ከዚያ ደረቴ ላይ ቱቦ፣ ክንዴ ላይ መጠቅለያ፣ ጣቶቼ ላይ ብረት አሰረልኝ። «ከነገርከኝ ሌላ» ሲለኝ ልቤ ተኝታለች። «ሰርቀህ ታውቃለህ?» ሲል ግን ከግድግዳው ማዶ ከረቫታቸውን እያቃኑ የተቀመጡት ጋሼ መኮንን ታዩኝ። ልቤ ዘለለች። ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ ደጋግማ ዘለለች።

በሳምንቱ ጋሼ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጡ።

«አላለፍክም። ስርቆት የሚለው ላይ ነው አሉ።» ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ምን ወስደህ ነው?»

«ምንም፣ ጋሼ። ማርያምን ምንም።»

እትዬ አልማዝ ከምድጃው ዞሩ። «ኤዲያ! ጠንቋይ እዚህም አለ እንዴ? የሰው ልብ በሽቦ ይነበባል?»

«አንቺ ደግሞ! ዋሱ ነኝ ብዬ የቆምኩት እኔ ነኝ። ነገ በየትኛው ዓይኔ ነው የማያቸው?»

ዳግመኛ አልጠየቁኝም። ብቻ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ «ልጃችን ነው» እያሉ ያስተዋውቁኝ የነበሩት፣ «ቤዝመንት ያለው ተማሪ ነው» ማለት ጀመሩ። በረዶው ሳይጠፋ ክፍል ፈልጌ ወጣሁ። እፍረቱ ግን አብሮኝ ወጣ። የረሳሁት ስርቆት ይኖር ይሆን እያልኩ ልጅነቴን እንደ ኪስ ገልብጬ ፈተሽኩ። ሰው ቤት ዕቃ ከጠፋ ከሁሉ ቀድሜ ተነሥቼ የምፈልገው እኔ ሆንኩ። ለዓመታት፣ ትዳር ከያዝኩም በኋላ።

ሩት ሰምታኝ ስትጨርስ ኮምፒውተሯን ከደነች። «ባባ፣ ሐቀኛ ሰው በሦስተኛው ጥያቄ የበለጠ ይደነግጣል ነው የሚሉት። አንተ ሁሉን ቀድመህ ተናዝዘህ እሱን ባዶ አደረግኸው። ፍርሃትህ ሁሉ የስርቆቱ ጥያቄ ላይ ታየ። ዛትስ ኢት።»

እሑድ ከምንኖርበት ሰፈር ከሳድል ሪጅ ተነሥተን ጋሼ መኮንን ዘንድ ሄድን። አርጅተዋል፤ አሁን ከእትዬ አልማዝ ጋር ስካይቪው ራንች በሚባል ሰፈር ልጃቸው ቤት ነው የሚኖሩት። ሩት በተሰባበረ አማርኛዋ፣ በእጇም ጭምር እየሣለች አስረዳቻቸው። «አልሰረቅህም ለካ» እስኪሉኝ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ከዘራቸውን አንሥተው። «እኔ ቤት ርቦህ ነበር?»

ወደ ሩት ዞርኩ።

«ጠግቤያለሁ ስትል... ውሸት ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ሰማሽ አልማዝ? ቤታችን ርቦት ነበር!» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ስርቆቱንማ መች አመንኩት። አለቃዬን ፈርቼ ነው። አንተን ምን ወሰድክ ብዬ መጠየቄ ነው ሲያሳፍረኝ የኖረው።»

ሁለታችንም ለየብቻ ስናፍር ኖረናል ማለት ነው፤ በአንድ ከተማ፣ ባቡር በሚያገናኘን ርቀት። መሣሪያው ፍርሃትን ያነባል እንጂ ሰው የሚፈራው ስለ ማን ብሎ እንደሆነ አያነብም። ያንን ማንበብ የእኛ ፋንታ ነበር፤ እኛም አላነበብነውም።

እትዬ አልማዝ ሳህኔን ሞልተው አመጡ። በላሁ። «ጨምር እንጂ!» አሉኝ፣ ጭልፋውን እንደያዙ። ሩት ታየኛለች።

«ይጨመርልኝ» አልኩ።

ያ ፈተና ያለቀው እሑድ፣ ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው።