እናቴ ሞታለች ያልኩ ዕለት

ሸዋ ሮቢት የገባሁት ማንንም ላለማመን ወስኜ ነው። እንዲሁ በተፈጥሮዬ ክፉ ሆኜ አይደለም። ጦርነቱ ካርቱም ሰፈራችን ሲደርስ ቤታችንን የዘረፉት ሰዎች፣ ከየትኛው ቁም ሳጥን ምን እንደሚገኝ አውቀው ነበር የገቡት። ይህን ሊነግራቸው የሚችለው ደግሞ ቤታችን ሲገባ ሲወጣ የኖረ ጎረቤት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ሲስቅልኝ ጥርሱን ትቼ ዓይኑን ነው የማየው።

አባቴ በወጣትነቱ ከጎንደር ወጥቶ ካርቱም የከተመ ኢትዮጵያዊ ነበር፤ እናቴ ሱዳናዊት። አማርኛውን ከአባቴ ወረስኩ፤ ፓስፖርቱን የሰጠኝ የእናቴ አገር ነው። ስለዚህ በአባቴ አገር፣ የአባቴን ቋንቋ እየተናገርኩ፣ የውጭ ዜጋ ነኝ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። እናቴ ጉልበቷ ስለከዳት ከእኔ ጋር ድንበር መሻገር አልቻለችም፤ ሱዳን ውስጥ ከሰላ በምትባል ከተማ፣ ወንድሟ ቤት ቀረች።

አዲስ አበባን የቤት ኪራይ አስለቀቀኝ። ደብረ ሲናን ጥቂት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ። አንድ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ቁልቁለቱን ስወርድ ሹራቤን አወለቅሁ። ሸዋ ሮቢት ስደርስ ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ። ሌላው ተሳፋሪ በጋዜጣ ሲያራግብ እኔ አገሬ የገባሁ መሰለኝና እዚያው ቀረሁ።

ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ መስኮቱ ወደ መተላለፊያው የሚከፈት አንድ ክፍል ተከራየሁ። ሥራዬ ከዚያ ክፍል አይወጣም። እኛ ጠዕሚያ የምንለው ምግብ አለ፤ ሽምብራ ተነክሮ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከድንብላል ቅጠል ጋር ተፈጭቶ፣ ድቡልቡል ሆኖ ዘይት ውስጥ ይጠበሳል። እዚህ ቆላው ማሾ በማሾ ስለሆነ ሽምብራውን ትቼ በማሾ ሠራሁት። ይበላሽብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እንዲያውም ከሽምብራው በለጠ። ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ የባጃጅ ነጂዎች፣ የጭነት መኪና ረዳቶች፣ ወደ ጀውሃ ሽንኩርት ሊለቅሙ የሚሄዱ የቀን ሠራተኞች ዳቦ ውስጥ አስገብቼ የምሰጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ። "የሱዳኗ ማሾ" ብለው ስም አወጡለት።

ስሙን አልወደድኩትም። የውጭ ዜጋ ያለ ፈቃድ መቸርቸር እንደማይችል አውቃለሁ። አንድ ሰው ጠቁሞኝ መስኮቱ ቢዘጋ የምራበው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ከሰላ ያለው የእናቴ መድኃኒትም የሚገዛው ከዚያች መስኮት ነው። ጊዜውም ጥሩ አልነበረም። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነገ ዝግ ነው፤ ከአጣዬ የሚመጣው ሁሉ ስለተቃጠለ ቤት ያወራል፤ በየስብሰባው "ጸጉረ ልውጥ ስታዩ ጠቁሙ" ይባላል። እኔ ደግሞ መልኬ ከሰው ቢመሳሰልም ወረቀቴ አይመሳሰልም።

ከሁሉ አብልጬ የጠረጠርኳቸው ጎረቤቴን ነበር። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው። የእሳቸውንና የእኔን ክፍል የሚለየው የጭቃ ግድግዳ ጣሪያው ድረስ አይደርስም፤ ሲያስሉ አጠገቤ ያሳሉ ይመስለኛል። ጠዋት በራፋቸው ላይ በርጩማ ያወጡና የመጣውን የሄደውን ይቆጥራሉ። ከዚያ ሳህናቸውን ይዘው ወደ መስኮቴ ይመጣሉ። የሚገዙት አንዲት ጠዕሚያ ብቻ ነው። ያገላብጧታል፣ ያሸቷታል፣ ቆርሰው ውስጧን ያያሉ።

"ዛሬ ነጭ ሽንኩርት ሰስተሻል" ይሉኛል። ቀጥለው "ትናንት ማታ የመጣው ሹፌር ምንሽ ነው?"

"ደንበኛ ነው፣ እትዬ።"

"ታርጋው የአፋር ነው።"

እንግዲህ ታርጋ የምታነብ አሮጊት ምን ትባላለች? አንድም ቀን ከፊቴ ስትበላ አላየኋትም እያልኩ በሆዴ አንቺ እላቸዋለሁ፤ በአፌ ግን አንቱታውን አላጓድልም።

እናቴን የማገኛት ጁምዓ ከሰዓት፣ ከተማው በሙቀቱ ሲያንቀላፋ ነው። መስመሩ ስለሚቆራረጥ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ "ዩማ፣ ትሰሚኛለሽ?" እያልኩ እጮኻለሁ። ሳምንቱን ሙሉ የሚለፈልፈው የጎረቤቴ ሬዲዮ በዚያ ሰዓት ጸጥ ይላል። ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ እንደለጠፉ አልተጠራጠርኩም። ይስሙ፤ የምናወራው በአረብኛ ነው፣ ምን ይገባቸዋል? እንዲያውም እልህ ያዘኝና በሳምንቱ የሠሩኝን ሁሉ ለእናቴ አወራላት ጀመር። ስምም አወጣሁላቸው፤ ቡማ። ጉጉት ማለት ነው።

"ቡማዋ ዛሬ ደግሞ የቆሻሻ ባልዲዬን ስታይ ያዝኳት" እላለሁ።

እናቴ ትስቃለች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ትለኛለች፤ "ተያት፣ ብቻዋን ያለች አሮጊት ናት። አንድ ጨምሪላት።"

ለሰላይ አልጨምርም አልኩ። አልጨመርኩምም።

አንድ ቀን፣ መስኮቱን ዘግቼ ድስቱን ስፈትግ፣ በሩ ተንኳኳ። የሰፈሩ እድር ዳኛና ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከኋላቸው ጎረቤቴ። በቃ፣ ጠቆሙኝ አልኩ። እጄ ላይ ያለው አረፋ ሳይታጠብ ደረቀ። አስቀመጥኳቸው፤ ውኃ አቀረብኩ፤ ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ባል አለሽ?"

"የለኝም፣ ጋሼ።"

"ልጆችስ?"

"የሉኝም።"

"አባት?"

"ሞቷል።"

"ነፍስ ይማር። እናትሽስ? አለች?"

እዚህ ላይ ቆምኩ። እናት ካለች የት ናት ይላሉ። ከሰላ ካልኩ በምን ትገናኛላችሁ ይላሉ። ከድንበር ማዶ ሰው ያላት፣ በየሳምንቱ በአረብኛ ስልክ የምታወራ የውጭ ዜጋ። ራሴን በእነሱ ዓይን አየሁትና እኔው ራሴን ጠረጠርኩት።

"ሞታለች" አልኩ።

አንደኛው ሽማግሌ "አላህ ይርሃማት" አሉ። ጎረቤቴ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ወለሉ መለሱ።

ሲነሱ ነው ዳኛው የመጡበትን የነገሩኝ። "ሰው ብቻውን አይኖርም ብላ ይህች ጎረቤትሽ ወትውታን ነው የመጣነው። ከዛሬ ጀምሮ የእድራችን ሰው ነሽ። የጠየቅንሽ ለማን እንደምናለቅስልሽ ለማወቅ ነው።"

ያኔውኑ አፌን ከፍቼ ማስተካከል ነበረብኝ። ግን ምን እላለሁ? እናቴ ከሞት ተነሳች እላለሁ? በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ሲዋሽ የተገኘ ባዕድ ከዚያ በኋላ ምን ቢናገር ማን ያምነዋል? አመስግኜ ሸኘኋቸው። ጎረቤቴንም ስላስገቡኝ አላመሰገንኳቸውም፤ ሊቆጣጠሩኝ እንዲመቻቸው ነው ብዬ ደመደምኩ።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ሰው ሲሞት እንደማንም ሴት እወጣ ጀመር። ውኃ እቀዳለሁ፣ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ድንኳን ውስጥ እቀመጣለሁ። የሌሎች እናቶች ሲለቀስላቸው እያየሁ የራሴን አስባለሁ፤ ጁምዓ ሲደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እደውልላታለሁ።

አጎቴ የደወለው በጠዋት ነው። ዘይቱ ግሏል፣ መስኮቱ ላይ ወረፋ አለ። እጄ ሊጥ ስለነካ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግሁት። አጎቴ ብዙ ማውራት አይወድም፤ እናቴ ሌሊት እንዳረፈች፣ እንዳልተሠቃየች፣ ከዙሁር ሶላት በፊት እንደሚቀብሯት ነገረኝ። "ሰማሁ" አልኩት። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ማንኪያውን አነሳሁ።

ጮክ ብዬ ማልቀስ እችል ነበር፤ ግን ማን ሞተብሽ ሲሉኝ ምን እመልሳለሁ? አክስቴ ናት ልበል አልኩ። ለአክስትም ሰው ይመጣል። አፌ ላይ ሊደርስ ሲል እንደ ጉድ ዘገነነኝ፤ አንድ ጊዜ ገድያታለሁ፣ አሁን ደግሞ አክስት ላደርጋት ነው። ዝም ብዬ ጠበስኩ። የመጀመሪያው ዙር አረረ። አንድ የባጃጅ ነጂ "ዛሬስ ከሰል ነው የምታበይን" ብሎ ቀለደ፤ ሳቅሁለት። በሕይወቴ እንዲህ ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

ጎረቤቴ ሳህናቸውን ይዘው መጡ። ጠዕሚያቸውን ሳያገላብጡ፣ ሳያሸቱ ተቀበሉና ሄዱ።

ወረፋው ሲያልቅ መስኮቱን ዘጋሁ፤ ፍራሼ ላይ ተደፍቼ ሻሼን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። ከግድግዳው ወዲያ ሬዲዮው ይጮኻል። ይጩህ፣ ይሸፍነኛል አልኩ። ወዲያው ቀጥ አለ። ትንፋሼን ዋጥኩ። ቀጥሎ በሬ ተንኳኳ።

"ክፈቺ" አለ የጎረቤቴ ድምፅ፤ በአረብኛ። "ክፈቺ፣ ቡማዋ ነኝ።"

ተነስቼ ከፈትኩ። ነጠላቸውን ለለቅሶ ዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ገብተው ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"አረብኛ ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"ጅዳ ሰው ቤት አርጅቻለሁ እኮ። ኋላም ከሰው ቤት ወጥቼ በተከራየኋት ክፍል ሳምቡሳ እየጠበስኩ ተደብቄ እሸጥ ነበር። እናትሽ አለች ወይ ላለኝ ሁሉ ሞታለች እል ነበር። የጠየቀኝ ሁሉ ሊያስይዘኝ ይመስለኝ ነበር፣ ወላሂ።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽማ ማውራት ትተዪ ነበር። እኔ ቤት ሬዲዮ እንጂ ሰው አለ?"

ንዴቴ ከሐዘኔ ቀድሞ መጣ። ስትሰልለኝ ኖራለች! የጠረጠርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ጆሮዋ ግድግዳው ላይ ነበር፣ ስድቤን አንድ ሳይቀር ለቅማለች። "ለእድሩም ተናግረዋላ?" አልኩ፣ ቁጣዬን ሳልደብቅ።

"ያኔ ከቤትሽ እንደወጣን ነግሬያቸዋለሁ። እናት አላት፣ ፈርታ ነው አልኳቸው። ዳኛው 'ካልጨነቃት ትነግረናለች፣ አታሳፍሯት' አለ።" ብለው ተነሱ። "አሁን ሊጠሩት ሰው ልኬያለሁ። ፊትሽን ታጠቢ።"

ፊቴን ታጥቤ ስወጣ የድንኳኑ ብረት መስኮቴ ስር ተደግፎ ነበር። ከቀትር በኋላ መተላለፊያው ሞላ። የባጃጁ ነጂ ሳይቀር መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ማንም ሰው ስለ ውሸቴ አላነሳም። "ሰብሩን ይስጥሽ" ይሉኛል፤ ምን ዓይነት ሰው ነበረች ብለው ይጠይቁኛል። እኔ ሻሼን ፊቴ ላይ ሳብኩ። በመካከላቸው እናቴን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

"እኔ ልንገራችሁ" አሉ ጎረቤቴ። "ጉልበቷን ያማት ነበር፤ አመመኝ ግን አትልም። ስልኩ ሲከፈት መጀመሪያ 'በልተሻል?' ነው። ስትስቅ ሳል ያቋርጣታል። ለእኔም ታዝን ነበር። ልጇ ስታማኝ 'ተያት፣ ብቻዋን ናት፣ አንድ ጨምሪላት' ትላት ነበር።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣

"አልጨመረችልኝም እንጂ" አሉ።

ለቀስተኛው ሳቀ። እኔ ድምፄን አውጥቼ ያለቀስኩት ያኔ ነው።